ቆሬን ያስዋጠው ጥያቄው አይደለም

ስለ «ቆሬ መንፈስ» የተጻፈችው ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ስትዞር ሰንብታለች። ለእኔ ብቻ ከአምስት ሰው ደርሳኛለች፤ ከላኪዎቹ አንዱ የገዛ ወንድሜ ነው፣ ከሥሯም «አንብባት፣ ላንተ ነች» ብሎ ጽፎባታል። አነበብኳት። ጸሐፊው ብዕሩ ይጣፍጣል፤ ኦሪትንም ሳያነብ የሚያወራ ሰው አይደለም። የደረሰበት መደምደሚያ ግን ካነበበው መጽሐፍ ጋር አልገጠመልኝም።

መጀመሪያ የእሱን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። ታሪኩ ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 16 ላይ ያለው ነው። ሌዋዊው ቆሬ ከሮቤል ነገድ ዳታንን፣ አቤሮንንና ኦንን ይዞ፣ 250 የታወቁ አለቆችን አስከትሎ በሙሴና በአሮን ላይ ተነሣ። መጨረሻው ይታወቃል፤ ምድር አፏን ከፈተች፣ 250ዎቹን ደግሞ እሳት በላቸው። ከዚህ ተነሥቶ ጸሐፊው አራት ነገር ይላል። የቆሬ ኃጢአት «ማኅበሩ ሁሉ ቅዱስ ነው» ማለቱ፣ ማለትም የእኩልነት ጥያቄ ማንሣቱ ነው። ምድር መከፈቷ ደግሞ መሪ ለሕዝብ መልስ የመስጠት ግዴታ እንደሌለበት ያሳያል፤ ሙሴ ዝም አለ፣ እግዚአብሔር ተሟገተለት። ሦስተኛ፣ የተቀባ አይነካም፤ ዳዊት ሳኦልን ያልገደለው ለዚህ ነው። በመጨረሻም ከሙሴ እኅት ከማርያም ጀምሮ እስከ አቤሴሎምና ኢዮርብዓም ድረስ፣ በአይሁድ መጻሕፍት በመሪ ላይ የተነሣ ሁሉ የተነሣው በእግዚአብሔር ላይ ነው። ስለዚህ አንባቢው ጠያቂ ሰው ባየ ቁጥር ቆሬን እንዲያስታውስ ይመክራል።

እውነት ያለበትን አስቀድሜ ልመን። ቆሬ የድሆች ጠበቃ አልነበረም። የቀዓት ወገን ነው፣ ማለትም የመቅደሱን ንዋያት በትከሻቸው ከሚሸከሙት፤ ለሙሴም የአጎት ልጅ ነው። ታልሙድ የተባለው የአይሁድ ሊቃውንት የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ ሀብቱን ሲያጋንን የግምጃ ቤቱን ቁልፎች ብቻ 300 ነጭ በቅሎዎች ይሸከሙ ነበር ይላል። የአይሁድ ሊቃውንትም አልራሩለትም። የታልሙድ መሠረት በሆነው የቃል ሕግ ስብስብ፣ በሚሽና ውስጥ «ለሰማይ ሲባል» የሚደረግ ክርክርና እንዲያ ያልሆነ ክርክር ተለይተው ይነገራሉ፤ የመጀመሪያው ምሳሌ የሁለቱ ታላላቅ ሊቃውንት የሂሌልና የሻማይ ክርክር ነው፣ የሁለተኛው ደግሞ የቆሬና የማኅበሩ። እስከዚህ ከጸሐፊው ጋር አብረን ነን።

መለያየት የምንጀምረው ጥፋቱ የቱ ላይ ነው ሲባል ነው። «ማኅበሩ ሁሉ ቅዱስ ነው» የሚለውን ቆሬ ከኪሱ አላወጣውም። በዘጸአት 19 ከሲና ተራራ «የካህናት መንግሥት፣ የተቀደሰም ሕዝብ ትሆኑልኛላችሁ» የተባለው ለመላው ሕዝብ ነው። ሙሴም ሲመልስለት «ቅዱሳን አይደላችሁም» አላለውም። ያለው ሌላ ነው፦ እግዚአብሔር ከሕዝቡ ለይቶ ወደ ድንኳኑ ሥራ ስላቀረባችሁ አንሷችሁ ነው ክህነትንም የምትፈልጉት? ክሱ ሹመት በመፈለጉ ላይ ነው። አፉ ስለ ሁሉም ያወራል፣ ዓይኑ ያለው አሮን ወንበር ላይ ነው።

ይህን ከሁሉ አስቀድማ የነቃችው የኦን ሚስት ናት። ኦን በምዕራፉ የመጀመሪያ ቁጥር ላይ ስሙ ይጠራና ከዚያ በኋላ ድራሹ ይጠፋል፤ የታልሙድ ሊቃውንት የት ገባ ብለው ጠይቀው የሚከተለውን ይተርካሉ። ሚስቱ፣ «ሙሴ ቢያሸንፍ አንተ ያው ተከታይ ነህ፤ ቆሬ ቢያሸንፍም ያው ተከታይ ነህ። ምን ልታተርፍ ነው?» አለችው። ኦን ግን አብሯቸው ሊሰለፍ ምሎላቸዋል። «ተወው፣ እኔ አወጣሃለሁ» ብላ የወይን ጠጅ አጠጣችው፤ ሲሰክር ከድንኳኑ ውስጥ አስተኛችውና ፀጉሯን ፈትታ ደጁ ላይ ተቀመጠች። ሊጠሩት የመጡት ሁሉ ፀጉሯን የፈታች ሴት ሲያዩ ፊታቸውን እያዞሩ ተመለሱ። ያሰላችውም በራሳቸው አባባል ነው፤ «ማኅበሩ ሁሉ ቅዱስ ነው» ብለዋላ! ይህችን ሴት ሳስብ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ። የቆሬ ነገር የእኩልነት ነገር ቢሆን ኖሮ ስሌቷ ይፈርስ ነበር፤ ቆሬ ሲያሸንፍ ባሏ ከተከታይነት ይወጣ ነበርና።

እኩልነትን መመኘት በራሱ ዓመፅ ነው ለሚለው ደግሞ ከቆሬ አምስት ምዕራፍ ቀደም ብሎ መልስ አለ። ኤልዳድና ሞዳድ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ወደ ድንኳኑ ሳይመጡ ሰፈር ውስጥ ሆነው ትንቢት ተናገሩ። ኢያሱ ደንግጦ «ጌታዬ ሙሴ ሆይ፣ ከልክላቸው» ሲል ሙሴ ምን መለሰለት? «ስለ እኔ ትቀናለህን? የእግዚአብሔር ሕዝብ ሁሉ ነቢያት ቢሆኑ ደስ ባለኝ!» ያንን ቃል የተናገረ ሰው ስለ ሕዝብ ቅድስና በመነገሩ ብቻ ምድር ይከፈት የሚል አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ያለው ግን ምዕራፍ 27 ላይ ነው። የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች በድንኳኑ ደጃፍ፣ በሙሴ፣ በካህኑ በአልዓዛር፣ በአለቆችና በመላው ማኅበር ፊት ቆሙ። አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይወልድ ሞቷል፤ ወንድ ስለሌለው ስሙ ስለ ምን ይጠፋል፣ ርስት ስጡን አሉ። በሕዝብ ፊት፣ በአደባባይ፣ ያለውን ሥርዓት ተቃወሙ። ንግግራቸው ውስጥ አንድ ሐረግ አለች፦ አባታችን በእግዚአብሔር ላይ ከተሰበሰበው ከቆሬ ወገን ጋር አልነበረም። ገና ያኔ አንድ ሰው ተነሥቶ «ይህ እኮ የቆሬ ነገር ነው» ሊል እንደሚችል ያወቁ ይመስላሉ! ሙሴም አልተቆጣም፤ ነገራቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ። መልሱ «የሰለጰዓድ ልጆች እውነት ተናገሩ» የሚል ነበር፤ የርስቱም ሕግ በእነርሱ ጥያቄ ተሻሻለ። እንግዲህ ቆሬንና ጠያቂን መለየት እኔ አሁን የፈጠርኩት ብልሃት አይደለም።

እንዲያውም ሊቃውንቱ ለቆሬ የሰጡትን ክርክር አንብቡ። በሚድራሽ፣ ማለትም መጽሐፉን በትረካ በሚተረጉሙት የሊቃውንቱ ጽሑፎች ውስጥ ቆሬ ሕዝቡን ሰብስቦ እንዲህ ሲል ያወራል። በሰፈራችን ሁለት የሙት ልጆች የምታሳድግ አንዲት መበለት ነበረች፣ አንዲት እርሻም ነበረቻት። ልታርስ ስትል ሙሴ «በሬና አህያ አንድ ላይ አትጥመጂ» አላት። ልትዘራ ስትል «ሁለት ዓይነት ዘር አትቀላቅዪ»፤ ልታጭድ ስትል «ቃርሚያውንና የማሳውን ዳር ለድሃ ተዪ»፤ ልትወቃ ስትል «አሥራትና መባ አምጪ»። ፍርዱን ተቀብላ ሰጠች። ሲመራት እርሻውን ሸጠችና ከጠጉራቸው ልትለብስ፣ ከግልገሎቻቸው ልትጠቀም ሁለት በጎች ገዛች። በጎቹ ሲወልዱ አሮን መጥቶ «በኩሩ የኔ ነው» አለ። ስትሸልት «የመጀመሪያው ጠጉር የኔ ነው»። ከዚህ ሰው እጅ አልወጣሁም ብላ ስታርዳቸው «ወርቹን፣ ሁለቱን ጉንጮችና ጨጓራውን አምጪ» አላት። አርጄ እንኳ አልተረፍኩም ብላ «እንግዲያው ለእግዚአብሔር የተለየ እርም ይሁን» ስትል፣ «እርም ከሆነማ ሁሉም የኔ ነው» ብሎ ተሸክሞት ሄደ፤ እሷን ከሁለት ልጆቿ ጋር እያለቀሰች ትቷት።

ይህ የሸንጎ ንግግር ነው፤ ሰው ያስለቅሳል። የጻፉት ደግሞ የቆሬ ወዳጆች አይደሉም፣ የሚያወግዙት ሊቃውንት ናቸው። ጠያቂን ዝም ማሰኘት ቢፈልጉ የቆሬን ክርክር ደካማ አድርገው ያቀርቡት ነበር። እነሱ ግን ከኦሪት ከራሷ የሚጠቀስ፣ እያንዳንዱ ሕግ እውነት የሆነበት፣ አንድ ላይ ሲደረደር ግን ሰው የሚያደኸይ የሚመስል ክስ በአፉ አኖሩለት። መልሱንም እንድናስብበት ለእኛ ተዉት።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ሙሴ መልስ አልሰጠም የተባለው በምዕራፉ ውስጥ የለም። በግንባሩ ተደፋ፤ ጉዳዩን እስከ ነገ አቆየ፤ ሌዋውያኑን በቃል ተከራከራቸው፤ ለዳታንና ለአቤሮን መልእክተኛ ላከ። «አንመጣም» ያሉት እነሱ ናቸው፣ ሁለት ጊዜ። በነገራችን ላይ በዚያው መልሳቸው ባርነት የነበሩበትን ግብፅ «ወተትና ማር የምታፈስስ ምድር» ይሏታል። ሙሴ ግን እምቢታቸውን ተቀብሎ አልተቀመጠም፤ ተነሥቶ ወደ ድንኳናቸው ሄደ። ረሽ ላቂሽ የተባለው ሊቅ ከዚህች እርምጃ ጠብን ማጽናት እንደማይገባ ሕግ አውጥቶባታል፤ ታላቁ ወደ ታናሹ፣ ተከሳሹ ወደ ከሳሹ ሄዷልና።

ከመሄዱ በፊት የተናገራት አንዲት ዓረፍተ ነገር ደግሞ አለች። ተቆጥቶ ወደ እግዚአብሔር ሲጮህ «እኔ ከእነርሱ አንዲት አህያ እንኳ አልወሰድሁም፣ ከእነርሱም አንድ ሰው አልበደልሁም» አለ። ይህ ሒሳብ ማስረከብ ነው። የተላከው ከሰማይ ነው፣ ባሕር የተከፈለው በእጁ ነው፤ ሲከሰስ ግን የመጣለት መከላከያ የአህያ ቆጠራ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ የት እንደሆነ ይቅር። አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው «የአምናው ሒሳብ መቼ ነው የሚነበብልን?» ብለው ጠየቁ። ከፊት ከተቀመጡት አንዱ ፈገግ ብሎ «እማማ፣ ቆሬም እንዲህ ብሎ ነው የጀመረው» አለ። ሰው ሳቀ። እናትዬዋ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም፣ እኔም ጭምር። ያን ቀን ሙሴ የአህያውን ሒሳብ ሳይጠየቅ እንዳቀረበ ትዝ ቢለኝ ኖሮ ምን እንደምል አውቅ ነበር። ትዝ ያለኝ ማታ ቤቴ ገብቼ ነው።

ምድር መከፈቷ የሚያስፈራ መሆኑን ግን አላለዝበውም። ሙሴ ራሱ ነው እነዚህ እንደ ማንኛውም ሰው ቢሞቱ እኔን እግዚአብሔር አልላከኝም ያለው፤ ጸሐፊው ይህን መጥቀሱ ትክክል ነው። የዘለለው የማግስቱን ነው። በማግስቱ ሕዝቡ ፈርቶ ዝም አለ? አላለም፤ «የእግዚአብሔርን ሕዝብ ገደላችሁ» ብሎ ተነሣባቸው። ተአምሩ ማንንም አላሳመነም። መቅሠፍት ጀመረ፣ 14,700 ሰው ሞተ፤ ያቆመውም አሮን ጥናውን፣ ማለትም የዕጣን ማጠኛውን ይዞ ሮጦ በሙታንና በሕያዋን መካከል ሲቆም ነው፤ የሮጠው ትናንት ሊያወርዱት ለፈለጉት ሰዎች ነው። ክርክሩ ያበቃው ደግሞ በምዕራፍ 17፣ ከተቀመጡት የነገዶች በትሮች የአሮን በትር አብባ ለውዝ ስታፈራ ነው። እሳት የበላቸው 250ዎቹ ዕጣን ሊያጥኑ የያዟቸው ጥናዎች እንኳ አልተጣሉም፤ ተቀጥቅጠው የመሠዊያው መለበጫ ሆኑ።

ሦስተኛው ላይ አጭር ልሁን። «የቀባኋቸውን አትንኩ» የሚለው ቃል የሚገኘው በመዝሙር ነው፤ አውዱን ለሚያነብ ሰው ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የሚነገረው ስለ አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ ነው፣ በቁጥር ጥቂት ሆነው፣ በሰው አገር ከሕዝብ ወደ ሕዝብ ሲንከራተቱ። «ስለ እነርሱ ነገሥታትን ገሠጸ» ይላል፤ አትንኩ የተባሉት ነገሥታቱ ናቸው! ጥቅሱ ጉልበት ለሌለው መጻተኛ የቆመ ነው፤ እኛ ወስደን ለባለ ዙፋኑ ሰጠነው።

ዳዊት በዋሻው ውስጥ ሳኦልን አልገደለም፤ የልብሱን ዘርፍ በመቁረጡ እንኳ ልቡ መታው። እውነት ነው፣ ትልቅ ነገርም ነው። ነገር ግን ዳዊት አልታዘዘም፣ ሸሸ፤ የተጨነቀና ዕዳ ያለበት ሁሉ ተጠግቶት 400 ሰው ሆኑ፤ ከዋሻውም ወጥቶ የተቆረጠውን ዘርፍ እያሳየ «እግዚአብሔር በእኔና በአንተ መካከል ይፍረድ» ብሎ ጮኸ። የሳኦል ወታደሮችም የኖብን ካህናት ግደሉ ሲባሉ እጃቸውን ለመዘርጋት እምቢ አሉ። ትእዛዙን የፈጸመው ኤዶማዊው ዶይቅ ነው፣ 85 ካህናት ገደለ። የትኛው ነው የተቀባውን ያከበረው? በጸሐፊው መለኪያ ዶይቅ ይሆናል።

እኔ የምጠረጥረው ጸሐፊው ኦሪትን ያነበበው በእኛው ተረት መነጽር መሆኑን ነው፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»። በኛ አገር ንጉሥ ስዩመ እግዚአብሔር ነበር፤ የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት እንኳ በአንቀጽ 4 የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን እንደማይነካ ሲደነግግ ዘራቸውንና የተቀቡትን ቅብዓት ጠቅሷል። በዚያ ጆሮ ለሰማ ቆሬ ንጉሥ የከሰሰ ሰው ነው። በአይሁድ መጻሕፍት ግን ንጉሥ ይከሰሳል። ናታን ዳዊትን በገዛ እልፍኙ «ያ ሰው አንተ ነህ» ሲለው ዳዊት «በደልሁ» አለ እንጂ ናታንን አላሰረም። ዘዳግም 17 ንጉሡ ፈረስ፣ ሚስት፣ ብርና ወርቅ እንዳያበዛ ከልክሎ ይህን ሕግ ገልብጦ ዕድሜውን ሙሉ እንዲያነብ ያዝዘዋል፤ ምክንያቱም «ልቡ በወንድሞቹ ላይ እንዳይኮራ» ነው። ወንድሞቹ ይላል ልብ በሉ፣ ተገዢዎቹ አይልም።

ከአራተኛው ዝርዝር የዳዊትን ልጅ አቤሴሎምን እለቅለታለሁ። በከተማይቱ በር ቆሞ አቤቱታ ያለውን ሁሉ እየሳመ «እኔ ዳኛ ብሆን ኖሮ» ሲል የነበረው ልጅ ቁርጥ ቆሬ ነው። የማርያም ደግሞ፣ ኢትዮጵያዊቱን ስለማግባቱ ሙሴን ያማችበት፣ እውነትም ቅጣት አለበት፤ ግን ሙሴ እንድትድን ጮኸላት፣ ሕዝቡም ሰባት ቀን ሙሉ እሷ እስክትመለስ ድረስ ከሰፈሩ አልተነሣም።

ኢዮርብዓምን መጥራቱ ግን ለጸሐፊው አይበጀውም። ሕዝቡ የሰሎሞንን ልጅ ንጉሥ ሮብዓምን ቀንበሩን አቅልልልን ብሎ ለመነው፤ እሱ «አባቴ በአለንጋ ገረፋችሁ፣ እኔ በጊንጥ እገርፋችኋለሁ» አለ። አሥሩ ነገድ ተገንጥሎ ኢዮርብዓምን አነገሠ። ሮብዓም 180,000 ተዋጊ ሰብስቦ ሊወጋቸው ሲነሣ የእግዚአብሔር ሰው ሸማያ መጥቶ «ይህ ነገር ከእኔ ነውና ወደየቤታችሁ ተመለሱ» የሚለውን ቃል አደረሰ። ከእኔ ነው! ኢዮርብዓም ኋላ የተወገዘው በሠራቸው የወርቅ ጥጆች ነው፤ ከሮብዓም በመለየቱ አይደለም።

ደግሞ «ዓመፀኛ» የሚለው ስም ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ለሚመስለው፣ ዘኍልቍ 20 አለ። በመሪባ ሙሴ ውኃ የጠማውን ሕዝብ «እናንተ ዓመፀኞች፣ ስሙ!» ብሎ ድንጋዩን ሁለት ጊዜ መታው። በዚያው ምዕራፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ እግዚአብሔር ሙሴንና አሮንን «በቃሌ ላይ ስላመፃችሁ» ይላቸዋል። በዕብራይስጡም ሆነ በአማርኛችን ቃሉ ያው ነው። ሕዝቡን የጠራበት ስም ወደ ራሱ ተመለሰ፤ ሁለቱም የተስፋዋን ምድር አልገቡም።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ጽሑፏ ስለ ቆሬ ልጆች ምንም አትልም። ዘኍልቍ 26 «የቆሬ ልጆች ግን አልሞቱም» ይላል። በዜና መዋዕል የተጻፈውን የትውልድ ቈጠራ የተከተለ ከቆሬ ዘር ሳሙኤልን ያገኛል። ሚሽና ላይ ረቢ አቂባ የቆሬ ማኅበር ከወረደበት አይወጣም ሲል ረቢ ኤሊዔዘር ደግሞ ይወጣል ይላል፤ ማስረጃው «ወደ ሲኦል ያወርዳል፣ ያወጣልም» የሚለው የሳሙኤል እናት የሐና ጸሎት ነው፤ ሐና ደግሞ የቆሬ ዘር የሆነው የሕልቃና ሚስት ናት። ሳሙኤል አርጅቶ ሥልጣኑን ሲያስረክብ ሕዝቡን ሰብስቦ «የማንን በሬ ወሰድሁ? የማንንስ አህያ ወሰድሁ? መስክሩብኝ» አለ። የሙሴን ቃል፣ በቆሬ ዘር አፍ።

የቀሩት ቆሬያውያን በመቅደሱ መዘምራንና በረኞች ሆኑ። አባታቸው ጥና ይዞ ሊገባበት የፈለገውን ደጅ ትውልድ በትውልድ ጠበቁ። በስማቸው ከተጻፉት መዝሙሮች በአንዱ ውስጥ፣ በኃጢአተኞች ድንኳን ከመቀመጥ በአምላኬ ቤት ደጅ ላይ መቆምን መረጥሁ የሚል ቃል አለ።